ብርሃነሽ የሌለችበት ዘፈን

የብርሃነሽን ድምፅ ከዘፈኑ ውስጥ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ መብራት አልሄደም፤ ቫይረስም አልገባም። ድምፁ ያለበትን ፋይል መረጥኩ፣ ሰረዝኩት፣ ከዚያ የተሰረዘ ነገር የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ከፍቼ እሱንም ባዶ አደረግኩት። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። ስሠራ በደንብ ነው የምሠራው።

ጊዜው የ2008 ኅዳር መጨረሻ ነበር፤ ቦታው ቡራዩ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍል። እኔና ዳና ስቱዲዮ እንላታለን። ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ፍራሽ አቁመን፣ መስኮቷን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ሁለት ማይክና አንድ ሳውንድ ካርድ አስገብተንባታል።

ዳና የወላይታ ሶዶ ልጅ ነው። ሰበታ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ እሁድ እሁድ ቸርች ቦክስ ጊታር ይመታል። አጎቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ካቢናው ውስጥ ከአሜሪካ ካንትሪ ካሴት በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም። ዳና ክረምት ክረምት ከአጎቱ ጋር እየተጓዘ ያንን ሲሰማ አደገ። ስለዚህ ጊታር ሲይዝ ጣቶቹ የካውቦይ ናቸው፤ መሬቱን የሚመታበት እግሩ ግን የወላይታ ነው። ፍቅረኛዬ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መጀመሪያ የወደድኩት ያን እግሩን ነው።

እኔ የምሠራው ቴክኖ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዶርም ውስጥ በሄድፎን ጀመርኩት። እናቴ በሰርቪሷ በር ባለፈች ቁጥር "ይኼ ወፍጮ ቤት መቼ ነው የሚዘጋው?" ትላለች። አንድ ቅዳሜ የዳናን ጊታር የእኔ ቢት ላይ ጫንኩት። ላይሄድ ይችላል ብዬ ነበር፤ ሄደ። ካንትሪው ወደፊት ይጋልባል፣ ቴክኖው ከሥር ይገፋዋል፤ ሳታስቢው ትከሻሽ ይነሳል። ዳና የተከራያት ቤት ፉሪ ዳገቱ ላይ ስለሆነችና ታክሲ እዚያ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ስለሚወጣ ስሙን "ፉሪ ዳገት" አልነው። ሁለት ሳምንት የሁለታችን ብቻ ሆኖ ቆየ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ዳና "ድምፅ ያስፈልገዋል" አለ።

"ምንም አያስፈልገውም" አልኩት።

"አንድ ሰው አለች። ስሚያትና ካልወደድሻት ይቀራል።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርሃነሽን ይዟት መጣ። እሱ በሚሠራበት ፋብሪካ ክር ታጠነጥናለች፤ እሱ ጊታር በሚመታበት ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። አጭር ናት። በሩ ላይ ማንም ሳይላት ጫማዋን አወለቀች። እኔን "እህት ሀሴት"፣ እሱን "ወንድም ዳና" ትላለች። ወንድም ማለቷ አላጽናናኝም። እናቴ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደደቻት። "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" አለችኝ ማድ ቤት ጠርታ። እኔን እንዲህ ብላ አታውቅም።

ቀረጻ ላይ መጀመሪያ ጊታሩን ለብቻ፣ ቀጥሎ ድምፁን ለብቻ መውሰድ ነበር የፈለግኩት። እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ግን አልቻሉም።

"ስትተነፍስ ካላየኋት መቼ እንደምገባ አላውቅም" አለ ዳና።

"እኔ እቆጥርልሃለሁ።"

"ቸርች ማንም አይቆጥርልንም።"

እውነቱን ነው። እነሱ ዘንድ ጊታር የሚመታው ሰው የዘማሪዋን ትከሻ ነው የሚያየው፤ ትከሻዋ ከፍ ሲል ይገባል። እኔ ግን "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ብዬ ቆጠርኩ። ተያዩና ሳቁ። ዳና በወላይትኛ የሆነ ነገር አላት፤ እሷም መለሰችለት፤ እንደገና ሳቁ።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ምንም" አለች።

"ምንም ለማለት ይሄን ሁሉ ቃል ነው የምትጠቀሙት?"

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ጉልበት ለጉልበት አስቀመጥኳቸው፤ አንዱን ማይክ ለጊታሩ፣ አንዱን ለእሷ ሰጥቼ ቀረጽኩ። ዓይኗን አትጨፍንም። ጣቶቹን እያየች ነው የምትዘፍነው። ድምፅዋ ትልቅ አይደለም፤ ግን የትም ቦታ ይደርሳል። ዳና ለእኔ ሲጫወት በትክክል ይጫወት ነበር። ለእሷ ሲጫወት እዚህም እዚያም ይሳሳታል፤ ስህተቱ ሁሉ ያምራል። ያን አጨዋወት ሁለት ዓመት ስለምነው ኖሬያለሁ።

"ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት ሲጨርሱ።

"ስለ እንሰት።"

"አራት ደቂቃ ሙሉ ስለ እንሰት?"

"ይተከላል፣ ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ ይቀበራል። ረጅም ሥራ ነው እኮ።"

አላመንኩትም።

ከዚያ አብረው ሄዱ፤ ሁለቱም የሚኖሩት በሰበታ በኩል ነው፣ በምን ይለያዩ። እኔ ሚክስ ለመሥራት ቀረሁ። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ፤ አራት ታክሲ። በአራቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው በዓይኔ መጡብኝ።

ያን ሰሞን ነው መንገዱ መዘጋት የጀመረው። ማስተር ፕላኑ ዙሪያችን ያሉትን ከተሞች ከነገበሬው መሬት ወደ አዲስ አበባ ሊያጠቃልል ነው ተባለ፤ ተማሪው ወጣ፣ ከተማው ተከተለ። ድንጋይና የባሕር ዛፍ ግንድ አስፋልቱ ላይ ተጋደመ። ከገፈርሳ በኩል ተኩስ ሲሰማ እናቴ የግቢውን በር ትቀረቅራለች፤ እኔ ሚክሱን አቁሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ሰው ሞቷል፤ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤታችን ልጁን ቀብሯል። እኔ ለቅሶ ደርሼ ተመልሼ የማስበው ስለ አንዲት ልጅ ድምፅ ነበር። አላፈርኩም አልልም።

ዳና ሰበታ ቀረ። ዳታ የለም፤ ስልክ ሲሠራም በየደቂቃው ይቋረጣል። ረቡዕ ዕለት ከሰዓት በኋላ አገኘሁት።

"የት ነህ?"

"ቸርች።"

"ዛሬ ረቡዕ ነው።"

"የሆነ ጉዳይ ገጥሞን ነው። በኋላ..."

"ከማን ጋር ነህ?"

"ከቸርች ሰዎች..."

ከኋላው ድምፅዋን ሰማሁት። በወላይትኛ ቀስ ብላ ታወራለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባ አለኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩና መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን አደረግኩ። የምሰጠው ምክንያት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይህች የኳየር ልጅ ዓለማዊ ዘፈን መዝፈኗ ቢታወቅ ይቀጧታል፣ ስለዚህ ለእሷ ብዬ ነው። ጥሩ ምክንያት ነበር። ለሁለት ቀን እኔም አመንኩት።

ቅዳሜ ዘፈኑ የሚወጣበት ቀን ነበር። አወጣጣችን ቀላል ነው። ሱሩር ቡራዩ ውስጥ የስልክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሰው ሚሞሪውን ይዞለት ይመጣል፣ እሱ ዘፈን ይጭናል። ሰበታ የአጎቱ ልጅ ሐምዱ፣ ሱሉልታ ደግሞ እህቱ ራቢአ ተመሳሳይ ሱቅ አላቸው። ሦስቱ ከጫኑልን ሦስቱ ከተሞች ሰሙን ማለት ነው፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ።

ሱሩር የብረት መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዶት ነበር፤ ከሥሩ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

"ሀሴት! አካም ጂርታ?"

"ነጋ። ይኸው፣ ተጨረሰ።"

"ምን ዓይነት ነው? ኦሮምኛ ነው አማርኛ?"

"ጊታር ነው። ካንትሪ በቴክኖ።"

"ያ ረቢ" አለ። "ወይ ትወደጃለሽ ወይ ታብጃለሽ።"

ለሱሉልታ የሚሆነውን ፍላሽ ባዶ የወተት ጣሳ ጭኖ ለሚመለስ የአይሱዙ ሹፌር ሰጠው። ወተት መንገድ አይከለከልም። የሰበታውን አንድ ዘመዱ ይዞለት ሄደ።

ሳምንት አልሞላም። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ ሳለ ሰማሁት። ሹፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

"ኦቦ፣ ይህን ከየት አገኙት?"

"ከሱሩር ዘንድ። መድኃኒት ነው!" አሉኝ። "አማርኛ ከከፈትኩ ልጆቹ መስታወቴን በድንጋይ ይሉታል። ኦሮምኛ ከከፈትኩ ፌዴራሎቹ ውረድ ይሉኛል። ዝም ብዬ ብሄድ ተሳፋሪው ተኩስ ሲሰማ ይጮህብኛል። ይኼ ግን አፍ የለው፤ ማን ይጣላዋል?"

ድንጋይ የተደረደረበት ጋ ስንደርስ ከልጆቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። "ኩን ማሊ?" አለ፤ ምንድን ነው ይሄ?

"ጊታሪ" አሉት ኦቦ።

ልጁ ጥቂት ሰማና ትከሻውን ሁለቴ ነቅንቆ አሳለፈን። ወረድ ብለው የቆሙት ፌዴራሎች ደግሞ ከነጭራሹ አልጠየቁም። በቅናት የሠራሁት ነገር የሦስት ከተማ ታክሲ ማለፊያ ሆኖ ቁጭ አለ። እየሳቅኩ ነው ቤት የገባሁት። ብርሃነሽ ኖራበት ቢሆን በየትኛውም ኬላ አያልፍም ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ለሦስት ቀን።

በአራተኛው ቀን በሱቁ በኩል ሳልፍ ሱሩር ጠራኝ።

"ሰው እየጠየቀኝ ነው። ያቺ ልጅ ማናት?"

"የቷ ልጅ?"

"የምትተነፍሰዋ።"

"ማንም የለችበትም።"

"ነይ ስሚ" ብሎ ከበሮው ተቋርጦ ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ላይ ከፈተልኝ። ሄድፎን አልሰጠኝም፤ በሱቁ ትልቅ ስፒከር ነው ያሰማኝ። እዚያ ነበረች። ጉልበት ለጉልበት ስላስቀመጥኳቸው የጊታሩ ማይክ ትንፋሿን ይዞታል። እያንዳንዱ ስንኝ ከመምጣቱ በፊት አየር ትስባለች። ከዚያ ስንኙ አይመጣም። እንደገና ትስባለች። ሚክስ ስሠራ ሰምቼዋለሁ፤ ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነው የተውኩት።

"ራቢአ እንዳለችኝ" አለ ሱሩር፣ "ሱሉልታ ሴቶቹ እዚህ ቦታ ላይ አብረው ይተነፍሳሉ። ጭፈራ አርገውታል። እኔ ግን ሳላገባ የቀረሁት ይህቺን እየጠበቅኩ ይመስለኛል።"

"አትቀልድ።"

"ወላሂ። ማናት?"

"የማሽን ድምፅ ነው" አልኩና ወጣሁ። ስትዘፍን ያልወደዳት የለም እንበል፤ ሳትዘፍንም ወደዷት። ቢቱን ማን ሠራው ብሎ አንድ ሰው አልጠየቀም። ዘፈኑ በየታክሲው "የዳና ጊታር" ነው የሚባለው፤ እሷ ደግሞ ስም ባይኖራትም አለችበት። ጨርሼ የጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ መንገዱም ለጥቂት ቀን ተከፈተ። በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለቱም መጡ። ዳና ጊታሩን አዝሏል። ሰላም አላለኝም።

"ሰላም ነሽ እህት ሀሴት?" አለች ብርሃነሽ።

"ሰላም ነኝ።"

"ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ታክሲ ውስጥ ነበርን" አለ ዳና፤ ገና አልተቀመጠም። "ጊታሩ ሲጀምር ሹፌሩን 'ከፍ ያድርጉት፣ የኔ ዘፈን ነው' አለችው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ እጇን ያዟት። ከዚያ እሷ የምትገባበት ደረሰ።"

ወደ እሷ ዞረ።

"ሹፌሩ ምን አለ?" አልኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"'እህቴ፣ የትኛው ነሽ? ከበሮው ነሽ?' አለኝ" አለች ብርሃነሽ። "ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?"

የተዘጋጀውን ምክንያቴን አወጣሁ። "ለአንቺ ብዬ ነው። ቸርች ቢሰሙ..."

"ሰምተዋል።"

"ከማን?"

"ከእኔ። ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ። ስድስት ወር ከአገልግሎት አገዱኝ። ኳየሩ ሲቆም እኔ ኋላ ወንበር ተቀምጬ አያቸዋለሁ።" ድምፅዋ አልተለወጠም። "አሁን ሄጄ 'አልዘፈንኩም' እንዳልል ዘፍኛለሁ። 'ስሙልኝ' እንዳልል የለሁበትም።"

"ያን ረቡዕ ስትደውይ እዚያ ነው የተቀመጥነው" አለ ዳና። "ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ። ሀሴት፣ ፋይሉ ጠፋ ወይስ አጠፋሽው?"

"አጠፋሁት።"

"ለምን?"

"ስለምትስቁ።"

"በምን?"

"እኔ በማላውቀው ቋንቋ እያወራችሁ ስለምትስቁ!"

ብርሃነሽ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። "ይቅርታ። ባንቺ እኮ ነው የሳቅነው። 'አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት' ስትይ ወንድም ዳና 'አሁን እንደ አስተማሪ ስም ትጠራለች፣ አቤት በይ' አለኝ። እኔም 'አርፍጃለሁ በላት' አልኩት። ይኸው ነው።"

የፍቅር ወሬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ትወዳታለህ?" አልኩት ዳናን፣ እሷው ፊት። ነገር ማንዛዛት አልወድም።

ጊታሩን ከትከሻው አወረደ። "ስትዘፍን፣ አዎ።"

"ሳትዘፍንስ?"

"ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ስትጠይቂኝ መልስ ሳጣ ግን... አላውቅም ሀሴት።"

"እኔንም ማንም አልጠየቀኝም" አለች ብርሃነሽ። "እኔ የመጣሁት ለድምፄ ነው።"

"የለም። ምንም አላስቀረሁም" አልኳት።

"እንግዲያው እንደገና እዘፍነዋለሁ። አራት ደቂቃ ነው። መንገዱ ነገ ይዘጋ አይዘጋ አይታወቅም።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ቢቱ ያለው በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ያለ እኔ "ፉሪ ዳገት" የሚባል ነገር የለም። ዳና ፊቴን እያየ ይህንኑ ሲያስብ አየሁት። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራኝ። እንዲፈራኝ አልፈልግም ነበር፤ እንዲለምነኝም አልፈለግኩም። ደግሞ ዘፈኑ ያለ እሷ ጎደሎ መሆኑን ከማንም አስቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጎደሎውን የቆፈርኩት እኔ ነኛ።

"ተቀመጡ" አልኩ።

ወንበሮቹን ራሴ አቀራረብኳቸው። ዳና ፈቀቅ ሊል ሲል "እንደ በፊቱ" አልኩት፤ ጉልበታቸው እስኪነካካ ድረስ። ማይኮቹን አስተካከልኩ፤ የእሷን ትንሽ ዝቅ፣ የእሱን ወደ ጊታሩ ቀዳዳ ጠጋ። ለሁለቱም ሄድፎን ሰጠኋቸው። ብርሃነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አትቆጥሪም?" አለ ዳና።

"አልቆጥርም።"

መቅረጫውን ተጫንኩ። ቀዩ መስመር መሮጥ ጀመረ። ዳና ትከሻዋን አየ፤ ትከሻዋ ከፍ አለ፤ ገቡ። ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ሁለት ወር ያህል ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ እንዲህ ነው የምትዘፍነው። ጊታሩ ተሳሳተ፣ ተሳስቶ እሷን አገኛት፣ እሷም ሳቅ ባለው ዓይን አየችው፤ እሱ ደግሞ፣ እንግዲህ አሁን ራሱን እየጠየቀ መሆን አለበት፣ አንገቱን ደፍቶ ፊቱ ቀላ።

ላፕቶፑ ሰው አያስፈልገውም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ራሱ ይቀርጻል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ገደማ ቀርቶታል። ተነሳሁ። ዳና ቀና አላለም። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።